ጌጥ ከሟች ጋር ይቀበር ወይስ ለወራሽ ይተላለፍ?

ሰው ሲሞት ቤተሰብ በአንድ ቀን ብዙ ነገር ይወስናል። የቀብሩ ሰዓት፣ ልብሱ፣ ሳጥኑ። በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል አንዲት ትንሽ ጥያቄ ትመጣለች፤ ጣቱ ላይ ያለው ቀለበት ይውለቅ ወይስ አብሮት ይሂድ? ትንሽ ትምሰል እንጂ ወንድምና እህትን ለዓመታት ታኳርፋለች።

ጌጥን ከሟች ጋር መቅበር እጅግ የቆየ ልማድ ነው። ቡልጋሪያ ውስጥ ቫርና አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1972 በአጋጣሚ የተገኘው መካነ መቃብር ዕድሜው ከ6,000 ዓመት ይበልጣል። ከመቃብሮቹ አንዱ ብቻውን ከአንድ ኪሎ በላይ ወርቅ ነበረበት። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሃዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1922 ባገኘው የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ የቱታንኻሙን መቃብር ደግሞ አስከሬኑ በተጠቀለለበት ጨርቅ መሃል ከመቶ በላይ ጌጥና ክታብ ተሸጉጦ ተገኝቷል። ሟቹ በወዲያኛው ዓለም ያስፈልገዋል ተብሎ ነው።

ግን የተቀበረ ወርቅ ሌባ አያጣም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1100 አካባቢ፣ በግብፁ ንጉሥ በዘጠነኛው ራምሴስ ዘመን፣ የመቃብር ዘራፊዎች ተይዘው የሰጡት ቃል በፓፒረስ ተጽፎ እስከ ዛሬ አለ። ወርቁን ከእነሱ ብዙ ዘመን ቀድሞ ከኖረ ንጉሥና ከንግሥቲቱ አስከሬን ገፈፉት። ሳጥኖቹን በእሳት አቃጠሏቸው። ከዚያ ተካፈሉ።

ሮማውያን ነገሩን በሕግ ቋጩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 አካባቢ የወጣው የአሥራ ሁለቱ ሰንጠረዦች ሕግ ከሟች ጋር ወርቅ እንዳይቀበር ከለከለ። አንድ ነገር ብቻ ፈቀደ፦ ጥርሱ በወርቅ የታሰረ ሰው ከነወርቁ ቢቀበር ወይም ቢቃጠል ጥፋት የለበትም። ሕግ አውጪዎቹ የሟች አፍ ከፍቶ ጥርስ መንቀል ምን እንደሚመስል ሳያስቡበት አልቀሩም።

ሃይማኖትም የራሱን ይላል። በእስልምና ጌጥ ይወልቃል፣ ሟቹ ታጥቦ በከፈን ይገነዛል፣ ንብረቱም ዕዳው ከተከፈለና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ ለወራሾች ይከፋፈላል። በአይሁድ ወግ ባለጠጋም ድሃም በአንድ ዓይነት ተራ ነጭ ጨርቅ ነው የሚቀበሩት። በክርስቲያኖች ዘንድ እንደየአገሩና እንደየቤተሰቡ ይለያያል፤ የጋብቻ ቀለበትን አለማውለቅ ግን በብዙ ቦታ የተለመደ ነው።

በብዙ አገር ሕግ ጌጡ ከሞት በኋላ የውርሱ አካል ነው። ስለዚህ «እናቴ ናት፣ አብሯት ይቀበር» ማለት ለአንድ ልጅ ብቻ የተተወ ውሳኔ አይደለም። ሌሎቹ ወራሾችም ያገባቸዋል። ኑዛዜ ካለ መጀመሪያ እሱ ይነበባል። ችግሩ ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከቀብር በኋላ መሆኑ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጌጥ ሁሉ አንድ አይደለም። ሰውየው አርባ ዓመት ሳያወልቀው የኖረ ቀጭን ቀለበት የራሱ ነው፤ ይዞት ቢሄድ ማንም አይጎዳም። ከአያት ለእናት የወረደ ሐብል ግን ሌላ ነገር ነው። እናትየውም የተቀበለችው ከሌላ ሰው ነው፤ እሷ ላይ ቢቆም ለልጅ ልጆቿ ምንም አይቀርም። ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ባለቤቱን በሕይወት እያለ መጠየቅ ነው። «ክፉ አትናገር!» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ቢሆንም ይጠየቅ።

መሃል መንገድም አለ። ሽኝቱ እስኪያልቅ ጌጡን አድርጎ መሰናበት፣ ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ማውለቅ። ውዱን አስቀርቶ ርካሽ ጉትቻ ማድረግ። ወይም ወርቁን አቅልጦ ለልጆቹ ለየራሳቸው ቀለበት ማሠራት። የትኛውም ቢመረጥ የጌጡ ዝርዝር ይጻፍ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ማን እንደተረከበው ፊርማ ይኑር። በለቅሶ መሃል «ማን ወሰደው?» የሚለው ጥያቄ ቤት ያፈርሳል። ያበጠ ጣት ላይ የጠበቀ ቀለበት በሳሙና ውሃ ወይም በክር ይወጣል፤ ካልሆነም ተቆርጦ በኋላ ወርቅ ሠሪ ይበይደዋል።

የተቀበረን ማውጣት ከባድ ነው፤ በብዙ አገር የባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። እንግሊዛዊው ሠዓሊና ገጣሚ ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ እ.ኤ.አ. በ1862 የሞተች ሚስቱን ከግጥሞቹ ረቂቅ ጋር ቀበራት። በ1869 ተጸጽቶ መቃብሩን አስቆፈረ።

አስከሬን በሚቃጠልበት ቦታ ይህ ዕድል እንኳ የለም። ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ምድጃው ወደዚያ ሲጠጋ ጌጡ ቅርጹን ያጣል፣ አልማዝም ሊቃጠል ይችላል። ከአመዱ የሚለቀመውን ብረታ ብረት ብዙ ድርጅቶች መልሰው ለሚያቀልጡ ይሰጣሉ። ቤተሰቡ ይህን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻላል።