የፓርቲ መዋጮ ታክስ ክሬዲት ምንድን ነው?

ካናዳ ውስጥ ለአንድ የፌዴራል ፓርቲ 400 ዶላር ያዋጣ ሰው ከኪሱ የሚጎድልበት 100 ዶላር ብቻ ነው። 300ውን መንግሥት ከሚከፍለው ግብር ላይ ያነሳለታል። ይህ አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ የምርጫ ወጪ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ «ክሬዲት» ብድር አይደለም። ከገቢ ላይ የሚቀነስም አይደለም። ግብሩ ተሰልቶ ካለቀ በኋላ ከራሱ ከግብሩ ላይ የሚነሳ ነው። ስለዚህ የፌዴራል ግብር የማይደርስበት ተማሪ ያንኑ 400 ዶላር ቢሰጥ አምስት ሳንቲም አይመለስለትም። ለእኔ የሕጉ ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው፦ ቅናሹ የሚደርሰው ደህና ገቢ ላለው ነው።

ስሌቱ ደረጃ አለው። እስከ 400 ዶላር 75 በመቶ፣ ቀጥሎ እስከ 750 ድረስ 50 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ሲሶው ይታሰባል። ጣሪያው 650 ዶላር ሲሆን፣ 1,275 ዶላር የሰጠ ሰው እዚያ ይደርሳል። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ከምንሰጠው ጋር ስታስተያዩት ይገርማል፤ በመጀመሪያው 200 ዶላር ላይ የፌዴራሉ ድርሻ ከ15 በመቶ አያልፍም። በሌላ በኩል የምጽዋቱን ደረሰኝ እስከ አምስት ዓመት ማቆየት ይቻላል፤ የፓርቲው ግን ለሰጡበት ዓመት ብቻ ነው።

መስጠት የሚችለው ግለሰብ ብቻ ነው። ከ2007 ወዲህ ኩባንያም ሆነ የሠራተኛ ማኅበር ለፌዴራል ፓርቲ ማዋጣት አይችልም። ለአንድ ፓርቲ በዓመት የሚፈቀደው በ2025 1,750 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱ 25 ዶላር ይጨመርበታል። ገንዘቡም የራስ መሆን አለበት። ቀድሞ ኤስኤንሲ-ላቫሊን ይባል የነበረው የምህንድስና ኩባንያ ግን ሠራተኞቹ ለፓርቲዎች ያዋጡትን መልሶ ይከፍላቸው እንደነበር ታውቋል።

የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ላይ የምትጠሩ ከሆነ ደረሰኙን እዩት። ትኬቱ 200፣ ምግቡ 60 ዶላር ቢያወጣ መዋጮ የሚባለው 140ው ነው። በዓመት ከ25 ዶላር የማይበልጥ የአባልነት ክፍያንም ሕጉ መዋጮ አይለውም።

ብዙዎቻችን የምንስተው አንድ ነገር አለ። ዜግነት ያልወሰደ ቋሚ ነዋሪ፣ በእኛ አጠራር «ፒአር»፣ ድምፅ መስጠት አይችልም፤ ማዋጣትና ክሬዲቱን መጠየቅ ግን ይችላል።