ስለ ሴፕሲስ የደም ምርመራዎች የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሴፕሲስ የሚባለው ሰውነት ኢንፌክሽንን ለመከላከል የሚሰጠው ምላሽ ከልኩ አልፎ የራሱን የአካል ክፍሎች ሲጎዳና ሕይወትን አደጋ ላይ ሲጥል ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚሁ ጋር በተያያዘ እንደሞቱ ይገመታል። በድንገተኛ ክፍል ቁርጡን የሚናገር አንድ የደም ምርመራ መመኘቱ ታዲያ አያስገርምም፤ ምኞቱ ግን ብዙ የተሳሳተ ግንዛቤ አስከትሏል።

«ፕሮካልሲቶኒን ከፍ ካለ ሴፕሲስ ነው፤ ካላለ አይደለም።»

ከሁሉም የተስፋፋው ይህ ነው። ፕሮካልሲቶኒን በጤና ጊዜ በታይሮይድ ዕጢ የሚመረት የካልሲቶኒን ሆርሞን መነሻ ሲሆን፣ ከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሲከሰት በርካታ የአካል ክፍሎች ያመርቱትና በደም ውስጥ ያለው መጠን ያሻቅባል። ሆኖም የመኪና አደጋን የመሰለ ከባድ ጉዳት፣ ቃጠሎ፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ የኩላሊት ድክመትና ከባድ ወባም ከፍ ያደርጉታል፤ ጤናማ ጨቅላ ሕፃን እንኳ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከፍ ያለ መጠን ይኖረዋል። በ2013 የታተመ፣ 30 ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና ምርመራው ሴፕሲስ ካለባቸው 77 በመቶውን፣ ከሌለባቸው ደግሞ 79 በመቶውን በትክክል እንደሚለይ አሳይቷል። ሲሰሙት ጥሩ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን ከተመረመሩት 100 ሕመምተኞች መካከል ሴፕሲስ ያለባቸው 10 ብቻ ቢሆኑ፣ ምርመራው 8 ያህሉን ሲያገኝ 19 ያህል የሌለባቸውን ሰዎች «አለባችሁ» ይላል፤ ሁለቱን ሕሙማን ደግሞ ያልፋቸዋል። በእኔ እይታ ከ19ኙ ይልቅ የሚያስፈሩት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። መጠኑ ለመጨመር ሰዓታት ስለሚወስድ፣ ሕመሙ እንደጀመረው ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት የመጣ ሰው የመጀመሪያ ውጤቱ መደበኛ ሊሆን ይችላል። ለኢንፌክሽን የሚለካው ሌላው፣ በጉበት የሚመረተው ሲአርፒ የተባለው ፕሮቲንማ ከዚህም የዘገየ ነው፤ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው በሁለት ቀን ገደማ ነው። በ2021 የወጣው የሰርቫይቪንግ ሴፕሲስ ካምፔይን (የሴፕሲስ ሕክምናን ለማሻሻል የሚሠራ ዓለም አቀፍ ንቅናቄ) መመሪያም አንቲባዮቲክ መቼ ይጀመር ለሚለው ውሳኔ ፕሮካልሲቶኒንን መጠቀምን የማይመክረው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ላክቴት መጨመሩ ኢንፌክሽን መኖሩን ያሳያል።»

ላክቴት፣ ማለትም ሰውነት በከባድ ጫና ውስጥ ሲሆን በደም ውስጥ የሚጨምረው ንጥረ ነገር፣ የሚናገረው ስለ ጉዳቱ ክብደት እንጂ ስለ መንስኤው አይደለም። የሚጥል ሕመም ከተነሣ በኋላ፣ በጉበት በሽታ፣ ለአስም ሳልቡታሞል በብዛት ሲወሰድ፣ አልፎ አልፎም ሜትፎርሚን በሚወስዱ የስኳር ሕሙማን ላይ ሊጨምር ይችላል። በሴፕሲስ በተጠረጠረ ሰው ላይ ግን ከፍ ያለ ላክቴት ሊናቅ የማይገባው የአደጋ ምልክት ነው፤ በ2016ቱ ፍቺ መሠረት ሴፕቲክ ሾክ የሚባለው በቂ ፈሳሽ ከተሰጠ በኋላም የደም ግፊትን ለመጠበቅ መድኃኒት ሲያስፈልግና ላክቴት በሊትር ከ2 ሚሊሞል በላይ ሲሆን ነው።

«ነጭ የደም ሴል ካልጨመረ፣ በደም ካልቸርም ባክቴሪያ ካልታየ ሴፕሲስ የለም።»

ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ነጭ የደም ሴል መደበኛ ሊሆን፣ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል፤ የበርካታ ሴፕሲስ ሕሙማን የደም ካልቸርም (በደም ናሙና ውስጥ ባክቴሪያ ካለ በላቦራቶሪ የሚያድግበት ምርመራ) ምንም አያሳይም።

«ውጤቱ ሳይመጣ ሕክምና አይጀመርም።»

በሾክ ላይ ላለ ወይም ሴፕሲስ የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ለሆነ ሰው አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ከላይ የተጠቀሰው የ2021 መመሪያ ያዝዛል። ሾክ በሌለበትና ምርመራው ባልለየበት ጊዜ ግን እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ በፍጥነት የሚጣራበት ዕድል አለ፤ የደም ምርመራዎቹ በእርግጥ የሚያግዙት በዚህች ክፍተት ነው።

«እንግዲያው ምርመራዎቹ ፋይዳ የላቸውም።»

ፋይዳ አላቸው፤ ፕሮካልሲቶኒን አንቲባዮቲክን ከመጀመር ይልቅ በማቆም ውሳኔ ላይ ይበልጥ ይጠቅማል። በብሪታንያ 2,760 ሕሙማንን ያሳተፈና ውጤቱ በ2024 ይፋ የሆነ ጥናት፣ በየቀኑ በሚለካ ፕሮካልሲቶኒን መመራት የአንቲባዮቲክ ቆይታን በአንድ ቀን ገደማ እንዳሳጠረና ይህም ሞትን እንዳላባባሰ አሳይቷል። በዚያው ጥናት ሲአርፒ ቆይታውን አላሳጠረም። ይህ ውሳኔ የሚደረገው ግን ሕመምተኛው ከድንገተኛ ክፍል ወጥቶ ከተኛ ከቀናት በኋላ ነው።