«ሶኖማ ኮስት» የሚለው ጽሑፍ ምን ያረጋግጣል?

በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ «ሶኖማ ኮስት፣ ፒኖ ኗር፣ 2021» ተብሎ ከተጻፈ ውስጡ ያለው በሙሉ ከዚያው ቦታ (ሶኖማ ኮስት የካሊፎርኒያ የወይን አካባቢ ነው)፣ ከዚያው የወይን ዝርያ፣ ከዚያው ዓመት ነው ወይ? ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ ባጭሩ ልመልሰው፤ የግድ አይደለም።

የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለሦስቱም የተለያየ ልክ አስቀምጧል። የአካባቢው ስም እንዲጻፍ ቢያንስ 85 በመቶው ከዚያ መምጣት አለበት። ለዝርያው ስም 75 በመቶ ይበቃል። ዓመቱ ላይ ሕጉ ጠበቅ ይላል፤ 95 በመቶ።

አንድ ወይን ጠማቂ በ750 ሊትር የሶኖማ ኮስት ፒኖ ኗር ላይ ሲራ ከተባለ ቀለሙ ጠቆር ካለ ሌላ ዝርያ የተጠመቀ የዚያኑ ዓመት ወይን 250 ሊትር ጨመረ እንበል። ከሲራው 150 ሊትሩ ከሌላ የካሊፎርኒያ አካባቢ ቢመጣ እንኳ፣ ስለ ሲራ አንዲት ቃል ሳይጽፍ መሸጥ ይችላል። ፒኖ ኗር ቆዳው ስስ፣ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ስለሆነ፣ ብርጭቆ ውስጥ ጥቁር ሊመስል የደረሰ ሲቀርብልኝ እኔ በበኩሌ እጠረጥራለሁ።

ይህ ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ክፍለ ግዛቶች ሊያጠብቁት ይችላሉ። ኦሪገን ለፒኖ ኗር 90 በመቶ ትጠይቃለች። ብዙ ጠማቂዎችም በፈቃዳቸው ምንም አይቀላቅሉም።

«ኮስት» (የባሕር ዳርቻ) የሚለው ቃል ቀዝቃዛ ቦታን ቢያሳስብም፣ እርሻው ቀዝቃዛ ስለመሆኑ ግን ጽሑፉ ዋስትና አይሰጥም። በ1987 እ.ኤ.አ. በይፋ እውቅና ያገኘው የሶኖማ ኮስት ክልል እጅግ ሰፊ ነው፤ አንዳንዱ እርሻ የፓስፊክ ጉም ሲያለብሰው፣ ሌላው ከውቅያኖሱ ርቆ ወደ ውስጥ ይገኛል። በ2022 እ.ኤ.አ. የምዕራቡ ዳርቻ «ዌስት ሶኖማ ኮስት» ተብሎ ለብቻው እውቅና ያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።