ማታ ማታ ራስን መመርመር ምንድን ነው?

"ህይወት አስተምራኛለች" የማይል ሰው የለም፣ ግን ዝም ብሎ መኖር ብቻውን ያን ያህል አያስተምርም። አስር ዓመት አንድ ስራ ላይ ቆይቶ ዛሬም ከደንበኛ ጋር የሚጣላ ሰው ሁላችንም እናውቃለን፣ ሶስቴ ብር አበድሮ ሶስቴም ተክዶ አራተኛውንም ያለ ወረቀትና ያለ ምስክር የሚሰጥ ሰውም እናውቃለን። የደረሰብን ነገር ትምህርት የሚሆነው ቁጭ ብለን ካየነው ነው። ራስን መመርመር የሚባለው ይሄ ነው፣ በቀን አንዴ፣ ብዙ ጊዜ ማታ፣ ውሎን ወደኋላ ተመልሶ ማየት፣ ከውሎው አንድ ነገር መርጦ ምን ሆነ፣ እኔ ምን አደረኩ፣ ነገ ተመሳሳይ ነገር ቢመጣ ምን ላድርግ ብሎ መጠየቅ። በቃ፣ ከዚህ የበለጠ ነገር የለውም።

አዲስ ነገርም አይደለም። የሮሙ ፈላስፋ ሴኔካ የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ ይሄን ማታ ማታ ያደርግ ነበር፣ መብራቱ ሲወሰድና ልማዱን የምታውቀው ሚስቱ ዝም ስትል ቀኑን ሙሉ የሰራውንና የተናገረውን አንድም ሳይደብቅ እንደሚፈትሽ ራሱ ጽፎታል። እኔ በጣም የምወደው ግን እንዴት እንደሚፈትሽ ነው። እዛ ክርክር ላይ ከልክ በላይ ተጋግለሃል፣ ያን ሰውዬ ስትገስጸው ደግሞ በጣም ፊት ለፊት ስለሆነ አስቀየምከው እንጂ አላረምከውም፣ እያለ ጥፋቱን አንድ በአንድ በቦታው ይጠራዋል፣ ከዛ ሁለተኛ እንዳትደግመው፣ ለአሁኑ ይቅር ብዬሃለሁ ብሎ ራሱን ይለቀዋል። ይቅርታው ባይኖር ሰውየው በየማታው የሚመለስበት አይመስለኝም።

እስልምና ውስጥ ሙሓሰባ ይባላል፣ ከኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ ሲነገር የመጣው ሳትመረመሩ በፊት ራሳችሁን መርምሩ የሚለው ምክር ብዙ ሙስሊም ቤት ውስጥ የሚታወቅ ነው፣ በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም አል ገዛሊም ሰው ነፍሱን ነጋዴ ሸሪኩን እንደሚተሳሰበው ሁሉ ቀኑ ሲያልቅ ትርፉንና ኪሳራውን ይተሳሰባት ብለው አስተምረዋል። ኦርቶዶክስ የሆነና ንስሐ አባቱ ጋ የሚሄድ ሰውም ያውቀዋል፣ ሄዶ ከመናገሩ በፊት ብቻውን ቁጭ ብሎ ማስታወስ አለበት።

ለስራም ይጠቅማል ወይ ለሚል ደግሞ ህንድ ውስጥ ዊፕሮ የሚባል ትልቅ ኩባንያ አዲስ ሰራተኞቹን ሲያሰለጥን የተደረገ ጥናት አለ። አንደኛው ግሩፕ ለአስር ቀን ያህል በየቀኑ የመጨረሻዋን 15 ደቂቃ የተማረውን እያሰበ ይጽፋል፣ ሌላው ግሩፕ በዛች 15 ደቂቃ ስራውን ይቀጥላል። ስልጠናው ሲያልቅ በተሰጠው ፈተና የጻፉት ከሌሎቹ ወደ 23 በመቶ ገደማ በልጠው ተገኙ። ያነሰ ሰርተው ነው እኮ የበለጡት!

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ልምጣ። "እኔ እኮ ማታ ማታ ሳስብ ነው የማድረው" የሚል ሰው አለ፣ እሱ ግን ራስን መመርመር ሳይሆን መብሰልሰል ነው፣ ልዩነቱም የሞት የሽረት ያህል ነው። ሱዛን ኖለን ሆክሲማ የምትባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሲከፋችሁ ምን ታደርጋላችሁ ብላ መጠይቅ አስሞልታ ነበር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በኦክቶበር 1989 ሰሜን ካሊፎርኒያን ያ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። ተማሪዎቹን መልሳ ስታያቸው ቀድሞውኑ ሲከፋቸው ስሜታቸውን ብቻ እያገላበጡ የሚብሰለሰሉት ከሌሎቹ የበለጠ ድባቴ ውስጥ ገብተው አገኘቻቸው፣ ከሰባት ሳምንት በኋላም እንደዛው።

ሁለቱን ምን ይለያቸዋል ካላችሁ በምሳሌ ልንገራችሁ። አንድ አባት ማታ ልጁ ላይ ጮኸ እንበል። ሲብሰለሰል "ምን አይነት አባት ነኝ፣ ለምንድን ነው እንደዚህ የምሆነው፣ አባቴም እንደዚህ ነበር፣ እኔ አልለወጥም" እያለ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይገላበጣል፣ ጠዋት የሚያተርፈው እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው። ሲመረምር ግን እንዲህ ነው የሚጽፈው፦ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ፣ ምሳ አልበላሁም፣ ስልክ ላይ የመስሪያ ቤት ሜሴጅ እያየሁ ነበር፣ ልጁ ሶስቴ ጠራኝ አልመለስኩለትም፣ አራተኛው ላይ እጄን ሲጎትት ሻዩ ተደፋ፣ ጮህኩበት። ይሄን ጥቂት መስመር ካየ በኋላ እኮ ነገሩ ራሱ ይናገራል፣ ጥፋቱ ከሻዩ በፊት ነው የጀመረው፣ ነገ ሊያደርግ የሚችለውም ግልጽ ነው፣ ሜሴጁን በር ላይ ጨርሶ ስልኩን ኪሱ ከትቶ መግባት። ልጁን ይቅርታ መጠየቅም አለ፣ እሱ ጠዋት በማለዳ ነው መሆን ያለበት፣ አይቆይ።

ስለዚህ "ለምን እንደዚህ ሆንኩ" ከሚለው ይልቅ "ምን ሆነ" የሚለው ጥያቄ በጣም ይሻላል። በዛ ላይ ነገሩ የሚያም ከሆነ ራስን በስም መጥራት ይረዳል፣ እኔ ከማለት "አበበ ዛሬ ምን ገጠመው" ማለት። ኢታን ክሮስ የሚባል የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይሄን አጥንቶታል፣ ሰው ለራሱ በስሙ ሲያወራ ከነገሩ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ ጭንቀቱም ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል ግን ሞክሩት።

ሌላው ደግሞ የተሳሳተ ትምህርት መውሰድ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? አንዲት ጓደኛዋ ከድታት "ከዚህ በኋላ ሰው አላምንም" ያለች ልጅ የተማረች ይመስላታል፣ ግን ከአንድ ሰው ስለ ሁሉም ሰው ነው የደመደመችው፣ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ምንም ያላጠፉት ጓደኞቿ ናቸው። ውሎውን በደንብ ብታየው ምናልባት ሚስጥሯን የነገረችው በተዋወቁ በሳምንቱ ነበር፣ ጓደኛዋ የሌላ ሰው ሚስጥር ስታወራላትም ሰምታ አልፋለች። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ጠባብ ነው፣ የሰው ሚስጥር ለሚያወራልኝ ሰው የራሴን አልነግርም የሚል ነው፣ ጠባብ ስለሆነ ደግሞ ይሰራል።

አገራችን ውስጥ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፣ ሂስና ግለ ሂስ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት የግምገማ ስብሰባ ነው፣ ሰው ፊት ቆሞ ጥፋትን መናዘዝ፣ ሌላው እጁን እያወጣ ሲጨምርበት መስማት። እዛ ሰው የሚያስበው እንዴት እንደሚያመልጥ ነው፣ ማን እውነቱን ይናገራል? የማታው ምርመራ ማንም የማያየው ስለሆነ መዋሸት አያስፈልግም፣ ስለዚህ ደብተሩን ወይም የስልኩን ኖት ለማንም አታሳዩ፣ ፎቶ አንስታችሁም አትለጥፉት።

አጀማመሩ ቀላል ነው፣ አስር ደቂቃ በቂ ነው፣ አልጋ ላይ ሆናችሁ ግን አታድርጉት፣ እንቅልፍ ሲጫን ምርመራው ወደ መብሰልሰል ይዞራል፣ ከእራት በኋላ ቁጭ ብላችሁ ቢሆን ይሻላል። ጥፋት ብቻም አትፈልጉ፣ ዛሬ ጥሩ የሄደ ነገር ካለ እሱም እንዴት እንደሄደ ይጻፍ፣ ነገም እንዲደገም። ቅዳሜ ወይ እሁድ የሳምንቱን አንድ ላይ አንብቡት፣ አንድ አይነት ሰዓት ወይ የአንድ ሰው ስም ደጋግሞ ከመጣ ያንን ከምታምኑት ሰው ጋር አውሩት። ለሳምንታት ስትጽፉ ራስን መውቀስና ተስፋ መቁረጥ ብቻ እየወጣ ከሆነ ደግሞ ደብተሩን ዝጉትና የስነ አእምሮ ባለሙያ ጋ ሂዱ፣ ድባቴ በመጻፍ ብቻ የሚለቅ ነገር አይደለም።