የዋሽንግተን ካፒታልስ የበረዶ ሆኪ ቡድን፦ የውድድር ዘመናትና የጥሎ ማለፍ ታሪክ

ዋሽንግተን ካፒታልስ መቀመጫውን በአሜሪካ ርዕሰ ከተማ አድርጎ በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) የሚወዳደር የበረዶ ሆኪ ክለብ ነው። በ1974 ተመሥርቶ በ1998 ለፍጻሜ ደርሶ ተሸንፏል፤ በ2018 ደግሞ የሊጉን ታላቅ ሽልማት የስታንሊ ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ አንሥቷል። የሚጫወትበት ካፒታል ዋን አሬና ከጋለሪ ፕሌስ የሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ሲሆን፣ ከዚያ በአረንጓዴው መስመር ወደ ሰሜን የተሳፈረ ሰው በሦስተኛው ፌርማታ ዩ ስትሪት፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደሚታወቁበት ሰፈር ይደርሳል። በአካባቢው ከሚኖረው ሕዝባችን ብዛት አንጻር ስለ ክለቡ በአማርኛ የተሰናዳ ማብራሪያ ብዙም አይገኝም፤ ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀውም ስለዚሁ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ለመከተል የውድድሩን አሠራር ማወቅ ያሻል። እያንዳንዱ ቡድን ለረጅም ዓመታት በመደበኛው የውድድር ዘመን 82 ጨዋታ ሲያደርግ ቆይቷል፤ ዛሬ ከ32ቱ ቡድኖች 16ቱ ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ፤ ዋንጫውን ለመውሰድም አራት ዙር ማሸነፍ ግድ ነው። በየዙሩ ሁለት ቡድኖች እስከ ሰባት ጨዋታ ይገናኛሉ፤ ቀድሞ አራቱን ያሸነፈ ያልፋል። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በአቻ ውጤት ቢጠናቀቅ እንደ እግር ኳስ ወደ መለያ ምት አይኬድም፤ ጎል እስኪቆጠር ድረስ ባለ 20 ደቂቃ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ እየተደረበ ይቀጥላል። በመደበኛው ውድድር ብዙ ነጥብ ለሰበሰበ ቡድን የሚሰጠውን የፕሬዚዳንቶች ዋንጫ ካፒታልስ በ2010፣ በ2016 እና በ2017 የወሰደ ሲሆን፣ በሦስቱም ዓመታት ከሁለተኛው ዙር አላለፈም።

ክለቡን የመሠረቱት ኤብ ፖሊን ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ሜዳ በሜሪላንድ ግዛት ላንዶቨር የነበረው ካፒታል ሴንተር ነው። የ1974–75 የውድድር ዘመን በሊጉ ታሪክ እስከ ዛሬ ዝቅተኛው የነጥብ ምጣኔ የተመዘገበበት ነው፦ ከ80 ጨዋታ 8 አሸንፎ፣ በ67 ተሸንፎ፣ በ5 አቻ ወጥቶ 21 ነጥብ ብቻ ሰበሰበ። 446 ጎሎች ተቆጠሩበት፤ 17 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ፤ በአንድ ዓመት ሦስት አሠልጣኞች ተፈራረቁበት። ከሜዳው ውጭ ካደረጋቸው 40 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም መጋቢት 28 ቀን 1975 በኦክላንድ ካሊፎርኒያ የተባለውን ቡድን 5 ለ 3 የረታበት ነው። በዚያ ምሽት ተጫዋቾቹ የቆሻሻ በርሜል አንሥተው እንደ ስታንሊ ዋንጫ ከፍ በማድረግ እየተቀባበሉ እንደጨፈሩ ይነገራል። ለፍትሕ ያህል መታወስ ያለበት ነገር ቢኖር ሊጉ በ1967 ከነበሩት ስድስት ቡድኖች በ1974 ወደ 18 ማደጉ፣ በዚያ ላይ ከ1972 ጀምሮ ተቀናቃኝ ሊግ ተጫዋቾችን ይሻማ ስለነበር፣ ለአዲስ ቡድን የተረፈው ተጫዋች እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። ክለቡ በዚያው ዓመት ያስፈረመው ማይክ ማርሰን በኤንኤችኤል የተጫወተ ሁለተኛው ጥቁር ተጫዋች ሲሆን፣ ሦስተኛው ቢል ራይሊም የተሰለፈው ለካፒታልስ ነው፤ ይህ ከውጤቱ ጋር ተያይዞ ሊረሳ የማይገባው የክለቡ ታሪክ ነው።

እስከ 1982 ባሉት ስምንት የውድድር ዘመናት ቡድኑ አንድም ጊዜ ለጥሎ ማለፍ አልበቃም።

በ1982 ክረምት ክለቡ ከተማውን ሊለቅ ነው የሚል ሥጋት ሲነግሥ ደጋፊዎች ቡድኑን ለማዳን ዘመቻ ከፈቱ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ዴቪድ ፖይልም በመስከረም ወር ሪክ ግሪንንና ራያን ዎልተርን ለሞንትሪያል ሰጥተው ሮድ ላንግዌይን፣ ብራያን ኤንግብሎምን፣ ዳግ ጃርቪስንና ክሬግ ላውሊንን አመጡ። ቡድኑ ዛሬም በዋሽንግተን መኖሩ የዚህ ዝውውር ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ላንግዌይ በ1983 እና በ1984 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተሸለመ፤ ቡድኑም ከ1983 እስከ 1996 ለ14 ተከታታይ ዓመታት ከጥሎ ማለፉ አልቀረም።

ከዚያ ዘመን ጎልቶ የሚታወሰው በ1987 ከኒው ዮርክ አይላንደርስ ጋር የተደረገው ሰባተኛ ጨዋታ ነው። ካፒታልስ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 ይመራ የነበረው ፍልሚያ 3 ለ 3 ሆኖ ሚያዝያ 18 ቅዳሜ ምሽት በላንዶቨር ተገናኙ። ካፒታልስ 2 ለ 1 እየመራ መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ ከስድስት ደቂቃ በታች ሲቀር ብራያን ትሮቲየር አቻ አደረገ፤ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ያለ ጎል አለፈ። የአይላንደርስ ግብ ጠባቂ ኬሊ ህሩዲ 73፣ የካፒታልሱ ቦብ ሜሰን 54 ሙከራዎችን አድነዋል። በአራተኛው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ፓት ላፎንቴን ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ዞር በማለት የመታት ፓክ (በሆኪ እንደ ኳስ የምታገለግል ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) ሜሰንን አልፋ መረብ ስትነካ፣ በሐበሻ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ጨዋታው በእንግሊዝኛ በፋሲካ ስም የሚጠራው ስለዚሁ ነው፤ በዚያ ዓመት የኦርቶዶክሱም የምዕራባውያኑም ፋሲካ ሚያዝያ 19 ስለዋለ፣ ለእኛም ሌሊቱ የትንሣኤ ሌሊት ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ዴል ሀንተር በሰባተኛው ጨዋታ ተጨማሪ ሰዓት ባስቆጠረው ጎል ፊላደልፊያ ተሸነፈ፤ በ1990 ደግሞ ጆን ድሩስ ሳይታሰብ በጥሎ ማለፉ 14 ጎል አግብቶ ቡድኑ ለኮንፈረንስ ፍጻሜ (ከዋናው ፍጻሜ በፊት ላለው ዙር) ደረሰ፤ በዚያም ቦስተን በአራት ተከታታይ ጨዋታ አሰናበተው። ከዚያ በኋላ የቡድኑ መሰናክል ፒትስበርግ ሆነ፦ ከ1991 እስከ 2017 አሥር ጊዜ ተገናኝተው ካፒታልስ ያለፈው በ1994 ብቻ ነው። በ1992 እና በ1995 3 ለ 1 ከመራ በኋላ ነበር የተሸነፈው።

በታኅሣሥ 1997 ቡድኑ ወደ መሀል ከተማው አዳራሽ ተዛወረ፤ በዚያው የውድድር ዘመንም በአሠልጣኝ ሮን ዊልሰንና በግብ ጠባቂው ኦላፍ ኮልዚግ ቦስተንን፣ ኦታዋንና ቡፋሎን አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። ዲትሮይት አራቱንም ጨዋታ ማሸነፉ የአቅም ልዩነቱን ያሳያል ይባላል። ሆኖም በሁለተኛው ጨዋታ ካፒታልስ 4 ለ 3 እየመራ ኤሳ ቲካነን ግብ ጠባቂውን አታልሎ ካለፈ በኋላ ባዶውን ጎል ሳተ፤ ዲትሮይትም አቻ አድርጎ በተጨማሪ ሰዓት 5 ለ 4 አሸነፈ። ያ ጎል ቢቆጠር ፍልሚያው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብሎ መገመት ከእውነት የራቀ አይደለም።

በ1999 ቴድ ሊዮንሲስ ክለቡን ገዙ። በ2001 ከፒትስበርግ የመጣው ያሮሚር ያግር የተጠበቀውን ያህል ሳያመጣ በ2004 መጀመሪያ ለሌላ ቡድን ተሰጠ፤ ሌሎች ውድ ተጫዋቾችም ተሸኙ። የውጤቱ መውደቅ ግን ቡድኖች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚወስዱበት ዓመታዊ ምርጫ የቀዳሚነቱን ዕጣ አስገኘ፤ በ2004 የሩሲያው አሌክሳንደር ኦቬችኪን የመጀመሪያው ምርጫ ሆነ። ጥቅምት 5 ቀን 2005 በመጀመሪያ ጨዋታው ሁለት ጎል አገባ፤ ዓመቱንም በ52 ጎል ፈጸመ። በ2007–08 በመሀል የተሾሙት አሠልጣኝ ብሩስ ቡድሮ ወድቆ የነበረውን ቡድን አንሥተው ወደ ጥሎ ማለፍ መለሱት። በ2009–10 ካፒታልስ 121 ነጥብ ሰብስቦ ሳለ፣ ስምንተኛ ሆኖ በገባው ሞንትሪያል 3 ለ 1 ከመራ በኋላ ተሰናበተ። የሞንትሪያሉ ግብ ጠባቂ ያሮስላቭ ሃላክ በስድስተኛው ጨዋታ 53 ሙከራዎችን አድኗል፤ በዚያ ምሽት የካፒታልስን አጥቂዎች መውቀስ ያስቸግራል።

በ2012 ጆኤል ዋርድ የአምናውን ሻምፒዮን ቦስተንን በሰባተኛው ጨዋታ ተጨማሪ ሰዓት ባገባው ጎል አሰናበተ፤ ይህ ጥቁር ተጫዋች ከጎሉ በኋላ በማኅበራዊ ሚዲያ የዘር ስድብ ወርዶበታል። በ2015 በኒው ዮርክ ሬንጀርስ፣ በ2016 እና በ2017 በፒትስበርግ የደረሱት ሽንፈቶች የቀደሙትን ይመስላሉ።

የ2018ቱ ጉዞ ጅማሬው የሚያስፈራ ነበር። ካፒታልስ በሜዳው ሁለት ጨዋታ በኮለምበስ ተሸንፎ አሠልጣኝ ባሪ ትሮትስ ግብ ጠባቂውን ብሬደን ሆልትቢን መለሱ፤ ቡድኑም አራቱን ተከታታይ ጨዋታዎች አሸነፈ። ፒትስበርግን በስድስተኛው ጨዋታ ተጨማሪ ሰዓት ያሰናበተው የየቭጌኒ ኩዝኔትሶቭ ጎል ነው። ታምፓ ቤይ 3 ለ 2 ሲመራ ሆልትቢ በቀሪዎቹ ሁለት ጨዋታዎች አንድም ጎል ሳይቆጠርበት ቀረ። በፍጻሜው ከላስ ቬጋስ ጋር በተደረገው ሁለተኛ ጨዋታ፣ ሊጠናቀቅ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ሆልትቢ ወደ ጎን ተወርውሮ የአሌክስ ተክን ምት በዱላው ያቆመበት ሁኔታ በክለቡ ታሪክ ትልቁ ማዳን ነው። ሰኔ 7 በአምስተኛው ጨዋታ ላስ ቬጋስ 3 ለ 2 እየመራ ሳለ የካፒታልሱ ዴቫንቴ ስሚዝ ፔሊ እየወደቀ አቻ አደረገ፤ ላርስ ኤለርም አሸናፊውን ጎል አገባ። በየካቲት ወር በቺካጎ ተመልካቾች ስሚዝ ፔሊን በቆዳው ቀለም ምክንያት «ቅርጫት ኳስ» እያሉ ሲያንቋሽሹት ከአዳራሹ የተባረሩ ነበሩ። አምበሉ ኦቬችኪን በጥሎ ማለፉ 15 ጎል አግብቶ የውድድሩ ኮከብ ተባለ። ብዙ ጋዜጦች ከ1992 ወዲህ ለከተማዋ የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ብለው ጽፈዋል፤ ይህ አባባል የሚሠራው አራት ጊዜ የእግር ኳስ ሊግ ሻምፒዮን የሆነውን ዲሲ ዩናይትድን ለማይቆጥር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ከ2019 እስከ 2022 በየዓመቱ በመጀመሪያው ዙር ተሰናብቶ በ2023 ከጥሎ ማለፉ ቀርቷል። በታኅሣሥ 2023 ባለቤቱ ክለቡን ወደ አሌክሳንድሪያ ለማዛወር ማቀዳቸውን ገልጸው ነበር፤ በመጋቢት 2024 ግን ከተማው 515 ሚሊዮን ዶላር ለአዳራሹ እድሳት ለመስጠት ሲስማማ እስከ 2050 በዋሽንግተን ለመቆየት ተወሰነ። በ2024–25 ቡድኑ በአሠልጣኝ ስፔንሰር ካርበሪ 51 ጨዋታ አሸንፎ 111 ነጥብ ሰበሰበ። ሚያዝያ 6 ቀን 2025 ኦቬችኪን በአይላንደርስ ላይ 895ኛ ጎሉን አግብቶ የዌይን ግሬትስኪን 894 አለፈ፤ ግሬትስኪ ራሱ በአዳራሹ ተገኝቶ እንኳን ደስ ያለህ ብሎታል። በዚያው ዓመት ጥሎ ማለፍ ካፒታልስ ሞንትሪያልን 4 ለ 1 አሸንፎ፣ በሁለተኛው ዙር በካሮላይና 4 ለ 1 ተሸንፏል።