የልብ ድካም ምንድን ነው?

«የልብ ድካም» የሚለው ስም በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች መጠሪያ ሆኗል፤ መደናገሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በዜና አንድ ሰው «በልብ ድካም በድንገት አረፈ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ልብን የሚመግብ ደም ሥር በድንገት ተዘግቶ የልብ ጡንቻ ክፍል ስለሚሞትበት፣ በተለምዶ «ሃርት አታክ» ስለሚባለው አደጋ ነው። ሐኪም ግን ታካሚውን መርምሮ «የልብ ድካም አለብዎት» ሲል የሚናገረው በአመዛኙ ቀስ እያለ ስለሚመጣና ለዓመታት አብሮ ሊኖር ስለሚችል ሌላ ሕመም ነው። እዚህ የሚብራራው ይህ ሁለተኛው ነው። ስሙን ሲሰማ ልቡ ሊቆም የተቃረበ መስሎት የሚደነግጥ ታካሚም ሆነ፣ ደረቱን ወግቶት ስለማያውቅ ልቡን የማይጠረጥር ሰው የሚሳሳቱት በዚህ የስም መደባለቅ ነው።

ጤናማ ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ሰውየው ባረፈበት ሰዓት እንኳ በየደቂቃው 5 ሊትር ገደማ ደም ይረጫል፤ ሥራ ሲበዛበት ደግሞ ይህን መጠን በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። የልብ ድካም ማለት ልብ ሰውነት የሚጠይቀውን ያህል ደም ማድረስ ሲያቅተው፣ ወይም ያን ያህል ማድረስ የሚችለው በውስጡ ያለው ግፊት ከልክ በላይ ከፍ ካለ ብቻ ሲሆን ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይደርሳል። አንደኛው ጡንቻው ሳስቶና ተለጥጦ ደም የመግፋት ኃይሉን ሲያጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጡንቻው ደንድኖ ዘና ማለትና በደም መሞላት ሲቸግረው ነው። ጤናማው የግራ የልብ ክፍል በአንድ ምት ከያዘው ደም ከ50 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ያስወጣል፤ በመጀመሪያው ዓይነት ይህ መጠን ወደ 40 በመቶና ከዚያ በታች ይወርዳል፤ በሁለተኛው ግን ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ «ልብህ ደሙን በሚገባ ይረጫል» የሚል ውጤት ብቻውን የልብ ድካም የለም ማለት አይደለም።

ምልክቶቹን ለመረዳት የኩላሊትን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲቀንስ ኩላሊት ችግሩ ከልብ መሆኑን የሚለይበት መንገድ ስለሌለው፣ ሰውነቱ ደም እንደፈሰሰው ወይም ውሃ እንዳጣ ቆጥሮ ጨውና ውሃን ይይዛል፤ ደም ሥሮችን የሚያጠቡ ሆርሞኖች ይበዛሉ፤ ልብን የሚያጣድፈው አድሬናሊንም ይጨምራል። ቆስሎ ደም ለሚፈሰው ሰው ይህ ሁሉ ነፍስ አድን ነው። ለደከመ ልብ ግን፣ መሸከም ባቃተው ላይ ሌላ ሸክም መጫን ይሆናል፤ ልብ በደከመ ቁጥር ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ፈሳሹ በተጠራቀመ ቁጥርም ልብ ይደክማል።

ይህ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሲመለስ ትንፋሽ ያጥራል። መጀመሪያ ዳገት ወይም ደረጃ ሲወጡ ብቻ ነው፤ ቆይቶ በሜዳም ይመጣል፤ በመጨረሻ ተቀምጠውም ያስቸግራል። ከሁሉ በላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው የሌሊቱ ነው። ሰው ጋደም ሲል በእግሩ የተጠራቀመው ፈሳሽ ወደ ደም ዝውውሩ ስለሚመለስ ሳንባው ይጨናነቃል፤ በዚህም የተነሣ በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረው ሰው ሁለት፣ ከዚያም ሦስት ትራስ ይደራርባል፣ ወይም እኩለ ሌሊት ላይ አየር አጥሮት ብድግ ብሎ ይቀመጣል። ደረቅ ሳልና ለሽንት ደጋግሞ መነሣትም ከዚሁ ጋር አብረው ሊመጡ ይችላሉ። ፈሳሹ ወደ ታች ሲወርድ ቁርጭምጭሚትና ቅልጥም ያብጣል፤ እብጠቱን በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቆያል። ጉበትና አንጀት ሲጨናነቁ ደግሞ ሆድ ይነፋል፤ ምግብም ይዘጋል፤ እንዲህ ያለው ታካሚ ለብዙ ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ሲወስድ ሊቆይ ይችላል።

ሕመሙ ሳይታወቅ የሚቆይበት ትልቁ ምክንያት ሰው ሳያውቀው ኑሮውን ከድካሙ ጋር ማስተካከሉ ነው። ደረጃ መውጣት ይተዋል፤ ከባድ ዕቃ ለሌላ ሰው ያሸክማል፤ በመንገድ ቆም ቆም ማለት ያበዛል፤ ሲጠየቅ ግን «ደህና ነኝ፣ ዕድሜ ነው» ይላል። ስለዚህ ወላጁ ወይም የትዳር ጓደኛው የሚያሳስበው ሰው «ያምሃል ወይ?» ከማለት ይልቅ «ባለፈው ዓመት ታደርገው የነበረ፣ ዛሬ ግን የተውከው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል። ነፍሰ ጡር ሴቶችና አራሶችም ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል። በእርግዝና መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የልብ ጡንቻ ያለ ሌላ ምክንያት ሊደክም ይችላል፤ የእግር ማበጥና የትንፋሽ ማጠርም በእርግዝና የተለመዱ ናቸው ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። አራስ ጋደም ብላ መተንፈስ ካቃታት ግን ሳይውል ሳያድር መመርመር አለባት።

ምርመራው በጥያቄና በአካል ምርመራ ይጀምራል። የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበው ኢሲጂ፣ ልብ ሲጨናነቅ የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር የሚለካ የደም ምርመራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የልብ አልትራሳውንድ ይረዱታል።

መከላከሉ የሚጀምረው ልብን ከሚያደክሙት ነገሮች ነው፤ ከእነዚህም የመጀመሪያውን ስፍራ የምሰጠው ለደም ግፊት ነው። ግፊት ከፍ ሲል ልብ በየምቱ የሚገፋው ተቃውሞ ስለሚከብድ ጡንቻው ይወፍራል፣ ይደነድናል፣ በስተኋላም ይዝላል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ራስ ምታት እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ካልተለካ አይታወቅም፤ በተደጋጋሚ ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። የስኳር በሽታን መቆጣጠር፣ ሲጋራን መተው፣ አልኮልን መቀነስና ሰውነትን ማንቀሳቀስም ልብንና ደም ሥሮቹን ይጠብቃሉ።

በልጅነት የሚጀምር ሌላም መንገድ አለ። ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን የልብ ቫልቮች (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉትን የልብ በሮች) እንዲያጠቃ ሊያደርግ ይችላል፤ የተጎዱት ቫልቮች ከዓመታት በኋላ የሚያስከትሉት የልብ ድካም ወጣቶችን ሳይቀር ይቀጥፋል። የቶንሲል ሕመምን እንደ ተራ ነገር ማለፍ የማይገባው ለዚህ ነው። ቫልቩ የተጎዳ ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚታዘዝለትን የፔኒሲሊን መርፌ ማቋረጥ የለበትም።

የልብ ድካም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊወስዳቸው የማይገባ የሕመም ማስታገሻዎችም አሉ፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ስለሚያደርጉ ተረጋግቶ የቆየን ሕመም ሊያባብሱ ይችላሉ። ጠዋት ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ መመዘን ደግሞ ከማንኛውም ምልክት ቀድሞ ሊያስጠነቅቅ ይችላል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ክብደት ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ የጨመረው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው፤ እግር ሳያብጥ ለሐኪም መንገር ይቻላል። ተቀምጦም የማይመለስ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም አረፋ የቀላቀለ አክታ ካለ ግን ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

የሚያሸኑ መድኃኒቶች እብጠቱንና የትንፋሽ ማጠሩን በፍጥነት ያቀልላሉ። በተለይ የመግፋት ኃይሉ ለቀነሰ ልብ የሚታዘዙ፣ ያን የኩላሊትና የሆርሞን አዙሪት የሚሰብሩ ሌሎች መድኃኒቶች ደግሞ ዕድሜ ያራዝማሉ፤ በእ.ኤ.አ. 1987 ኢናላፕሪል የተባለው መድኃኒት በጠና በታመሙ ሰዎች ላይ ሞትን መቀነሱ ከተረጋገጠ ወዲህ ቁጥራቸው እየጨመረ መጥቷል። ችግሩ ታካሚው ሲሻለው መድኃኒቱን ማቆሙ ነው። ልባቸው ሰፍቶ የነበረና በሕክምና ወደ ጤናማ መጠኑ የተመለሰ ሰዎች በሐኪም ክትትል መድኃኒታቸውን እንዲያቆሙ በተደረገበት አንድ ጥናት፣ በስድስት ወር ውስጥ ከአሥሩ አራት ያህሉ ሕመሙ አገርሽቶባቸዋል፤ ስለዚህ ክኒኑን ለመቀነስም ሆነ ለማቆም የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።