ማኪኤ ምንድን ነው?

ጥቁር የጃፓን ሳጥን ላይ የወርቅ አበባ ስናይ፣ ሠዓሊው ብሩሹን ወርቅ ቀለም ውስጥ እየነከረ የሣለው ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ወርቁ የተነሰነሰ ነው። ማኪኤ የሚባለውም ይኸው ጥበብ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኡሩሺ ነው። ኡሩሺ የዛፍ ግንድ ተበጥቶ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። ጥሬውን ቆዳ ከነካ ክፉኛ ያሳክካል። ፀሐይ ላይ ስላሰጡትም አይጠነክርም። ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው ቁም ሣጥን ይፈልጋል፤ የሚያጠነክረው ኢንዛይም ሥራውን የሚሠራው እርጥበት ሲያገኝ ነው።

ባለሙያው ሥዕሉን የሚሥለው በዚሁ ኡሩሺ ነው። መስመሩ ሳይደርቅ ትንሽ ቱቦ ያነሣል። ቱቦው ከቀርከሃ ወይም ከወፍ ላባ አገዳ የተሠራ ሆኖ፣ አንዱ ጫፉ በስስ ጨርቅ ተወጥሯል። ውስጡ የወርቅ ብናኝ አለ። በጣቱ መታ መታ ሲያደርገው ወርቁ እንደተነፋ ዱቄት ይረግፋል። የሚይዘው ግን ኡሩሺው ባረፈበት ቦታ ብቻ ነው። ሰዓቱን ማወቅ ትልቁ ሙያ ይመስለኛል፤ ኡሩሺው በጣም ከረጠበ ወርቁ ይሰምጣል፣ ከደረቀ ደግሞ አይይዝም።

ዓይነቱ ብዙ ነው። ሂራ ማኪኤ ልሙጥ ነው። ታካ ማኪኤ ከሥሩ ተደልድሎ ከፍ ይላል፤ በእጅ ሲዳስሱት ይታወቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ቶጊዳሺ ነው። ባለሙያው ያን ሁሉ ለፍቶ የሠራውን ሥዕል መልሶ በኡሩሺ ይሸፍነዋል። ሥዕሉ ድራሹ ይጠፋል። ኡሩሺው ሲጠነክር በከሰልና በውሃ ቀስ እያለ ይፈገፍገዋል፤ ወርቁ ብቅ እስኪል ድረስ። ትንሽ ካበዛው ሥዕሉም አብሮ ይሄዳል። ከተሳካለት ግን ወርቁና ጥቁሩ እኩል ይሆናሉ፤ ጣት ድንበራቸውን አያገኘውም።

ማኪኤ ብቻውን ላይመጣም ይችላል። ጃፓናዊው ሠዓሊ ኦጋታ ኮሪን (1658–1716) የሠራው የጽሕፈት ቀለምና የብሩሽ ማስቀመጫ ሳጥን ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል፤ የጃፓን ብሔራዊ ሀብት ተብሎም ተመዝግቧል። ሳጥኑ ላይ አይሪስ የሚባል የአበባ ተክል አለ፤ ቅጠሎቹ የወርቅ ማኪኤ ናቸው። አበቦቹ ከሚያብረቀርቅ የዛጎል ውስጠኛ ክፍል ተቆርጠው የተለበጡ ናቸው፤ ይህኛው ዘዴ ራደን ይባላል። በመካከላቸው የሚያልፈው የእንጨት ድልድይ ሥዕል ደግሞ የተሠራው ከእርሳስ ነው፣ ያ ግራጫና ርካሽ ብረት። ኮሪን ከወርቅ ጎን እርሳስ ማኖሩ ድፍረት ነው፤ ደግሞም አምሮበታል። ለእይታ ቀርቦ የማየት ዕድል ካገኛችሁ ክዳኑን ብቻ አይታችሁ እንዳትሄዱ። ዞር ብላችሁ ጎኖቹንም እዩ፤ ድልድዩ ከክዳኑ ወርዶ እዚያም ይቀጥላል።